የድመት ትከሻ፣ የዓሣ ወገብ፦ እንደ እንስሳት መንቀሳቀስን በጨዋታ መለማመድ

አንድ ሰው «እስቲ እንደ ውሻ ተንቀሳቀስ» ቢባል መጀመሪያ የሚያደርገው ምላሱን አውጥቶ መጮህ ነው። ሁላችንም እንደዛው ነን። ፊታችንን እንለዋውጣለን፣ ድምፅ እናወጣለን፣ እጃችንን አጥፈን ደረታችን ላይ እንሰቅላለን። ያስቃል፣ ደስ ይላል። ሰውነታችን ግን ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። የቀዳነው የውሻውን መልክ እንጂ የውሻውን አሠራር አይደለምና።

አሁን በሌላ በኩል እንምጣ። የውሻን የኋላ እግር አስቡ። መሃሉ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ነገር አለ አይደል? ብዙ ሰው ጉልበቱ ይመስለዋል። አይደለም፣ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ጉልበቱ ከላይ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው፣ የሚታጠፈውም ልክ እንደኛው ነው። ውሻ ዕድሜውን ሙሉ የሚሄደው ተረከዙን አንስቶ በጣቶቹ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቃችሁ ተነሱና ሞክሩት። ተረከዛችሁን ትንሽ አንሱ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ እንደዛው ሆናችሁ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዙሩ። ባታችሁ ወዲያው ይነቃል። ክብደታችሁ ወደ ፊት ይመጣል፣ እርምጃችሁ ያጥራል፣ ድምፅም አይኖረውም። ምላስ ማውጣት አላስፈለገም።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች ሐሳብ የሚወጣ ነው፦ ከእንስሳው አንድ የአካል አሠራር ውሰዱ፣ በራሳችሁ ሰውነት ላይ ሞክሩት፣ ምን እንደተፈጠረ ደግሞ ከውስጥ አዳምጡ። መምሰል ከመጣ ይምጣ። ካልመጣም ግድ የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻይና ውስጥ ማዋንግዱይ ከሚባል ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር የወጣ የሐር ላይ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ 44 ሰዎች ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ይታያሉ፣ ከእንቅስቃሴዎቹም በእንስሳት ስም የተጠሩ አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁዋ ቱዎ የተባለ ቻይናዊ ሐኪም ደግሞ የነብርን፣ የአጋዘንን፣ የድብን፣ የዝንጀሮንና የወፍን እንቅስቃሴ ያቀናጀ ጨዋታ እንዳስተማረ ይነገርለታል፣ ዛሬም የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ዮጋ ውስጥ እባቡም ውሻውም አለ። ዣክ ሌኮክ እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ ላይ በከፈተው የቲያትር ትምህርት ቤት ተዋንያን እንስሳትን በሰውነታቸው ያጠናሉ። ሶማቲክ የሚባለው የልምምድ ዘርፍ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአሜሪካዊው ፈላስፋና የእንቅስቃሴ መምህር ከቶማስ ሃና ነው፣ ሐሳቡም ቀላል ነው፦ ሰውነትን በመስታወት ከውጭ ከማየት ይልቅ ባለቤቱ ከውስጥ እንደሚሰማው አድርጎ መሥራት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ተዘርግታችሁ የምትተኙበትና አንድ ሁለት ጊዜ የምትገለበጡበት ወለል ይበቃል። ወለሉ ከበዳችሁ ብርድ ልብስ አንጥፉበት። ፍራሽ ግን አይሁን፣ ፍራሽ ላይ የትኛው የሰውነታችሁ ክፍል ወለሉን እንደነካ፣ የትኛው እንዳልነካ መለየት ያስቸግራል። ካልሲ አውልቁ። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ሁሉ ይውጣ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ የምሬን ነው፣ በመሃል አንዴ ካያችሁት የያዛችሁት ስሜት ይጠፋል። መስታወት ካለ ጀርባ ስጡት። በልታችሁ ወዲያው አትሥሩ። ጊዜውን በተመለከተ 20 ደቂቃ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ 10 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ደግሞ አንዷን እንስሳ ያዙ እንጂ ሁሉንም ለመጨረስ አትጣደፉ።

አሠራሩ ቀስ ብሎና በትንሹ ነው። ይህን አጥብቆ ያስተማረው የእንቅስቃሴ መምህሩ ሞሼ ፌልደንክራይስ ነው፣ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ከባድ ብረት የያዘ ሰው ብረቱ ላይ ዝንብ ብታርፍ አይታወቀውም፣ ላባ ይዞ ቢሆን ግን ወዲያው ያውቃታል ይላል። ጡንቻችሁ በሙሉ ኃይሉ ከሠራ ትንሿ ለውጥ አትሰማችሁም፣ የምንፈልገው ደግሞ እሷን ነው። ስለዚህ መሄድ ከምትችሉት ግማሹን ብቻ ሂዱ። ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ አበዛችሁት ማለት ነው፣ ቀንሱ።

መወጠር ያለ ነው። የሚወጋ ህመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ካለ ግን እዚያው አቁሙ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ የዲስክ መንሸራተት ወይም የአጥንት መሳሳት ያለባችሁ፣ ደም ግፊታችሁ ከፍ ያለ ወይም ግላኮማ ያለባችሁ (ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድበት እንቅስቃሴ አለና) ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ጄሊፊሽ፦ ለመተንፈስ ያህል

በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ። ጄሊፊሽ፣ አጥንት የሌላት ልፍስፍስ የባሕር እንስሳ፣ የምትዋኘው ክብ አካሏን እየጨመቀች ነው። ሥራው መጭመቁ ላይ ነው፣ ሲከፈት አካሏ እንደ ላስቲክ በራሱ ይመለሳል። የእኛ ትንፋሽ ደግሞ ግልባጩ ነው። ዝም ብለን ስንተነፍስ ሥራው ማስገባቱ ላይ ነው፣ አየሩ የሚወጣው ጡንቻው ስለለቀቀ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ አንድ እጅ የጎድን አጥንት ላይ አድርጉና መውጫውን ለቀቅ አድርጉት፣ አትግፉት። የሚቀጥለው ትንፋሽ እስኪጠራችሁ ጠብቁ። አሥር ትንፋሽ ያህል ይበቃል፣ እንለፍ።

ዓሣው

እግራችሁን ዘርጉ። የሰው አከርካሪ 33 አጥንቶች አሉት፣ ታችኞቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ስለሆኑ የሚንቀሳቀሱት 24ቱ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው እነዚህ 24 አጥንቶች እንደ አንድ ቁራጭ ነው የሚንቀሳቀሱት፣ ዓሣውን የምንጠራው እነሱን እንዲለያይልን ነው።

ዓሣ ሲዋኝ የሚታጠፈው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው። ሞገዱ ከፊት ይነሳና እየሰፋ ወደ ጭራው ይሄዳል። እናንተም ከራሳችሁ ጀምሩ። አፍንጫችሁ ጣሪያውን እያየ፣ የራስ ቅላችሁን ወለሉ ላይ በጣም ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አንሸራቱት። ጣት የሚያህል ርቀት ይበቃል። እያደር ደረታችሁ ይከተል፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ዳሌ፣ መጨረሻ ላይ እግር። ሞገዱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው ላይ የሚቆመው ጀርባው መሃል ነው፣ የጎድን አጥንቶቹ ጋ። ሲቆም አትግፉት። ያንን ቦታ በሐሳባችሁ ያዙና ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ምልልስ በኋላ እሺ ይላል።

ዓሣው ከገባችሁ ወደ ዓሣ ነባሪ ተሻገሩ። ዓሣ ነባሪ አጥቢ ነው፣ ቅድመ አያቶቹም ምድር ላይ የሚሄዱ ባለ አራት እግር እንስሳት ነበሩ። ለዚህ ነው ወገቡን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያጥፈው፣ የጭራው ክንፍም እንደ ዓሣ የቆመ ሳይሆን የተኛ የሆነው። በሆዳችሁ ተገልብጣችሁ ግንባራችሁን እጃችሁ ላይ አሳርፉና ከዳሌያችሁ አጥንት የሚነሳ ለስላሳ ሞገድ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ስትሠሩ ሰውነታችሁ አንዱን ይመርጣል። የትኛውን እንደመረጠ ልብ በሉ፣ ያልመረጠው ላይ ደግሞ ትንሽ ቆዩ።

እንሽላሊቷ

በሆዳችሁ ተኙ። ፊታችሁ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ግራ ጉንጫችሁ ወለሉ ላይ ይረፍ። ቀኝ እጃችሁ ፊታችሁ ፊት ለፊት ክርኑ ታጥፎ ይተኛ። አሁን ቀኝ ጉልበታችሁን ከወለሉ ሳታነሱ እያንሸራተታችሁ ወደ ቀኝ ክርናችሁ አምጡት። የደረሰበት ድረስ ብቻ። ቀኝ ጎናችሁ ይሰበሰባል፣ ግራው ይረዝማል። መልሱት። እንሽላሊት የምትሄደው እንዲህ ነው፣ እግሮቿ ከጎኗ ወጥተው የተዘረጉ ስለሆኑ እርምጃዋን የምታስረዝመው ወገቧን ወደ ጎን በማጠፍ ነው።

ቀኙን ብቻ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ሥሩና አቁሙ። ግራውን ገና አትንኩ። በጀርባችሁ ተገልብጣችሁ ተኙና ሁለቱን ጎኖች አወዳድሩ። የትኛው ዳሌ ወለሉ ላይ ሰፋ ብሎ ተኝቷል? የትኛው እግር ረዘም ያለ ይመስላል? የትኛው ሳንባ በቀላሉ ይሞላል? ይህን ልዩነት አንዴ በራሱ ሰውነት የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ «ቀስ ብለህ ሥራ» ሲሉት አይከራከርም። ከዚያ ግራውን ሥሩ።

አንድ ሙከራ ደግሞ አለ። ጉልበቱን እያመላለሳችሁ ፍጥነቱን ጨምሩና ትንፋሻችሁን ተከታተሉ። መታጠፉ አንዱን ሳንባ ይጫናል፣ ሌላውን ይከፍታል። እንሽላሊት በፍጥነት ስትሮጥ እንደልቧ መተንፈስ የማትችለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ትንሽ ሮጣ ቆም ትላለች። እየጋለበ ያለ ፈረስ ግን ወገቡ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚታጠፍ በአንድ ዝላይ አንድ ትንፋሽ እያለ ይሄዳል። መጽሐፍ ላይ ቢነበብ የሚረሳ ነገር ነው። ወለል ላይ ሆናችሁ ጎናችሁ ሲጨነቅና ሲከፈት ከሰማችሁት ግን አይረሳም።

ድመቷ

እዚህ ጋ እንቆያለን። ለእኔ ለሰው ትከሻና እጅ ከድመት የተሻለ አስተማሪ የለም።

ከአንገታችሁ ስር ያለውን አግዳሚ አጥንት በጣታችሁ ዳስሱት። ከትከሻ ተነስቶ ደረታችሁ መሃል ድረስ ይመጣል። የሰው ክንድ ከተቀረው አካል ጋር በአጥንት የሚገናኘው እዚያች መሃል ላይ ብቻ ነው። የድመት ይህ አጥንት ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ከሌላ አጥንትም ጋር አልገጠመም፣ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። የፊት እግሮቿን ከደረቷ ጋር የያዛቸው ጡንቻ ነው። ስትራመድ የትከሻዋ ሰፋፊ አጥንቶች ከጀርባዋ በላይ ተራ በተራ ብቅ ጥልቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ጭንቅላቷ ካለፈ አካሏም በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

በእጅና በጉልበታችሁ ሁኑ። መዳፋችሁ በትከሻችሁ ትክክል፣ ጉልበታችሁ በዳሌያችሁ ትክክል። ክርናችሁን ሳታጥፉ ደረታችሁን በሁለት እጆቻችሁ መሃል ዝቅ አድርጉት። የትከሻ አጥንቶቻችሁ ጀርባችሁ ላይ ይቀራረባሉ። አሁን ወለሉን ግፉት፣ ደረታችሁ ከፍ ይላል፣ አጥንቶቹ ይራራቃሉ። ወገባችሁ ግን ባለበት ይቆይ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ነገር ይመጣል፦ ወይ ክርን ይታጠፋል፣ ወይ ወገብ ይሰምጣል። ሁለቱም ከመጡ ወገባችሁን እርሱት፣ ክርኑን ብቻ ጠብቁት። በሚቀጥለው ቀን ወገቡን ትጨምራላችሁ።

ይህ ሲለሳለስ አንድ በአንድ አድርጉት። ግራ ትከሻ ብቻ ይስመጥ፣ ቀኙ ይግፋ። ከዚያ ይቀያየሩ። ሰው ካለ አጥንቶቻችሁ ላይ መዳፉን ያሳርፍ፣ ከመናገር ይልቅ በመንካት ቶሎ ይገባል።

የእጅ አንጓችሁ ከታመመ በጭብጣችሁ ቁሙ ወይም በክርናችሁ ውረዱ፣ እንቅስቃሴው ያው ነው። በየጥቂት ደቂቃው ተቀምጣችሁ እጃችሁን አራግፉ። አብዛኛው ሰው ክብደቱን የሚጥለው መዳፉ ሥር አንጓው ላይ ነው፣ በጣቶቹም በኩል እንዲካፈል አድርጉት። ጣቶቻችሁ ወለሉን ትንሽ ይጨብጡት።

አሁን እንሂድ። ድመት ቀስ ብላ ስትራመድ ቅደም ተከተሏ ይህ ነው፦ ግራ ኋላ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት። የኋላ እግሯን የምታሳርፈውም የፊቱ እግሯ የነበረበት ቦታ ላይ ነው ለማለት ይቻላል። በጉልበትና በእጃችሁ ሞክሩት። ግራ ጉልበት፣ ግራ እጅ፣ ቀኝ ጉልበት፣ ቀኝ እጅ። ሰው ሲድህ ብዙውን ጊዜ አንዱን እጅ ከተቃራኒው ጉልበት ጋር አብሮ ስለሚያነሳ ይህኛው መጀመሪያ ያምታታል፣ ጭንቅላታችሁ እንደ አዲስ ትምህርት ሲጨነቅ ይሰማችኋል። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩት። ጉልበታችሁ እጃችሁ የነበረበት ባይደርስም ወደዚያው ይሂድ።

ቅደም ተከተሉ ከገባችሁ ማድባት ትችላላችሁ። አንድ ዕቃ ምረጡ፣ የተጣለ ካልሲም ይሁን፣ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። እጃችሁን ስታሳርፉ መጀመሪያ ምንም ክብደት አትስጡት። ወለሉን ይንካ ብቻ። ቀዝቃዛ ነው? ሸካራ ነው? ከዚያ ነው ክብደቱ ቀስ እያለ የሚገባው። በማንኛዋም ቅጽበት «ቁም» ብትባሉ መቆም መቻል አለባችሁ፣ አንድ እጅ አየር ላይ እንዳለም ቢሆን። የማትችሉባት ቅጽበት ካለች እዚያች ላይ ሰውነታችሁን ጥላችሁታል ማለት ነው፣ ተመለሱና እሷን ብቻ ደጋግሙ። ጉልበታችሁ ወለሉን ሲመታ ድምፅ ከተሰማም ያው ነው።

ሲበቃችሁ ተንጠራሩ። ድመት ከተኛችበት ስትነሳ ሳትንጠራራ አትሄድም፣ ቶማስ ሃናም ትልቅ ቦታ የሰጠው ለዚህ ነው። መንጠራራት ጡንቻን ዝም ብሎ ከመሳብ ይለያል። ሰውነቱ መጀመሪያ ራሱን ያጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። መዳፋችሁን ወደ ፊት አርቁ፣ መቀመጫችሁ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሂድ፣ ጣቶቻችሁን ክፈቱ፣ ጥብቅ አድርጉ፣ ማዛጋት ከመጣ አፋችሁ እስኪከፈት አዛጉ። አሁን መልቀቁን ከማጥበቁ ሦስት እጥፍ አዘግዩት። ጧት ከአልጋ ሳትወርዱ ይህችን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ትርፍ ነው።

ርግቧ፣ ዓይንና አንገት

ለዚህ መቆም ያስፈልጋል። ርግብ ስትራመድ ጭንቅላቷ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝ ይመስላል። በዝግታ በተቀረጸ ቪዲዮ ብታዩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጭንቅላቷን ወደ ፊት ትወረውረዋለች፣ ከዚያ ባለበት ታቆመዋለች፣ አካሏ ከሥር ሄዶ ይደርስበታል። ዓለም እንዳይንቀሳቀስባት፣ አጥርታ እንድታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ ሙከራ ርግቦች በሚሽከረከር የመሮጫ ማሽን ላይ እንዲራመዱ ተደርገው ነበር። እግራቸው እየሄደ ዙሪያቸው ግን ስላልተንቀሳቀሰ ጭንቅላታቸውን መወርወር ተዉ።

እናንተም ፊት ለፊታችሁ አንድ ነጥብ ምረጡ። አገጫችሁን ሳታነሱና ሳትደፉ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ፊት አንሸራቱት፣ እዚያው ይቆይ። አሁን አንድ እርምጃ ሂዱና አካላችሁን ጭንቅላታችሁ ሥር አምጡት። ጭንቅላቱ ባለበት፣ የሚንቀሳቀሰው ከአንገት በታች ያለው ነው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሰው አንገቱ ወደ ፊት እንደቀረ ነው የሚኖረው፣ ይህች ጨዋታ ደግሞ አካሉን ወደ ጭንቅላቱ የማምጣት ልምድ ትሰጠዋለች። «ቀጥ በል» ከሚለው ትእዛዝ በጣም እመርጣታለሁ።

አሁን ሌላ ትንሽ ነገር። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሁለት ጣታችሁን ማጅራታችሁ ላይ፣ የራስ ቅላችሁ በሚያልቅበት ጉድጓድ ውስጥ አሳርፉ። ጭንቅላታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከሽፋሽፍታችሁ ሥር ዓይናችሁን ብቻ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ውሰዱ። ከጣቶቻችሁ ሥር ጥቃቅን ጡንቻዎች ሲነቁ ትሰማላችሁ። ዓይንና ማጅራት አብረው ነው የሚሠሩት። ጉጉት ዓይኗን እንዲህ ማዞር አትችልም፣ ዓይኗ በቦታው የተተከለ ነው። በምትኩ 14 የአንገት አጥንት አላት፣ ጭንቅላቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። እኛ ያለን 7 ነው (ቀጭኔም 7 ነው ያላት፣ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል)፣ ስለዚህ ዓይናችን ሥራውን ሊጋራ ይገባል። ወደ ኋላ ስትዞሩ አንዴ ዓይናችሁን ተክላችሁ ዙሩ፣ አንዴ ደግሞ ዓይን ቀድሞ አንገት ይከተለው። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚርቅ እዩት።

ድብ ቀላል ናት። እንደኛው ሙሉ መዳፏንና ተረከዟን አሳርፋ ነው የምትሄደው። ቁሙና ክብደታችሁን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ አሸጋግሩ፣ ትከሻ ይውረድ፣ መንጋጋ ይላላ። ቀኑን ሙሉ ሲጣደፉ ለዋሉ ሰዎች በጣም ጥሩ ነው።

ኦክቶፐስ፣ ስምንት ክንድ ያላት የባሕር እንስሳ፣ ደግሞ ለመጫወት ነው። 500 ሚሊዮን ገደማ ከሚሆኑት የነርቭ ሴሎቿ ሁለት ሦስተኛው ያሉት ክንዶቿ ውስጥ ነው፣ ክንዱ ራሱ እየዳሰሰ ብዙውን ነገር እዚያው ይወስናል። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አንዱን እጃችሁን ልቀቁት። ወለሉን ይዳስስ፣ ግድግዳውን፣ የራሳችሁን ተረከዝ። እጁ ይምራ፣ ክርን ይከተል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ የጎድን አጥንት፣ እስኪጎትታችሁና እስኪያገለብጣችሁ ድረስ። አቅዳችሁ ካደረጋችሁት ይታወቃችኋል፣ ይቆራረጣል።

ከሌላ ሰው ጋር፣ ከልጆችም ጋር

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ብቻችሁን የሚሠራ ነው፣ ግን ጨዋታው የሚደምቀው ከሰው ጋር ነው። ልጆች ካሉ መሪዎቹ እነሱ ይሁኑ። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም፣ ሌሎቹ በድመት አካሄድ እያደቡ ይጠጉት። ዘወር ሲል ሁሉም ባለበት ይደርቃል፣ የተንቀሳቀሰ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሌላው ጨዋታ ግመታ ነው። ድምፅ የለም፣ ፊት መለዋወጥ የለም፣ እጅን ጆሮ ማስመሰል የለም። አካሄድ ብቻ። ተመልካቹ እንስሳውን በክብደቱና በአረማመዱ ነው የሚለየው። በጣም ከባድ ነው፣ ብዙ የሚማሩትም እዚህ ላይ ነው።

ማፈር ይኖራል። ትልቅ ሰው ወለል ላይ መዳህ ካቆመ ቆይቷልና አያስገርምም። በሩን ዝጉ። ሳቅ ከመጣ ሳቁ፣ ሳቅ ሆድንና የጎድን አጥንትን ስለሚፈታ ልምምዱን አያበላሽም፣ እንዲያውም ያግዘዋል። ሙዚቃ ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባይኖር እመርጣለሁ። ምቱ ሰውነትን ይዞት ይሄዳል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ የሰውነቱን የራሱን ፍጥነት ነው።

እየለመዳችሁ ስትመጡ እንስሳቱን ሳይሆን በመሃላቸው ያለውን መሸጋገሪያ ሥሩ። ዓሣው እንሽላሊት የሚሆነው መቼ ነው? ሆዳችሁ ወለሉን ለቆ ድመት ለመሆን የመጀመሪያውን ክብደት የሚወስደው የትኛው እጅ ነው? ከአራት እግር ወደ ሁለት ለመነሳት ጭንቅላት ይቀድማል ወይስ ዳሌ? እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት ቢያልቅ አይቆጨኝም።

እንስሳውን ማየት

ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እንስሳው ራሱ ይሻላል። የቤት ድመት፣ መንገድ ላይ ያለች ርግብ፣ ካልሆነም ቪዲዮ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። አንድ ጥያቄ ያዙ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የቱ ነው? ክብደቱ የት ነው ያለው? ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ የማይንቀሳቀሰው የቱ ነው? ለማጥቃት የሚጠጋ አቦሸማኔን እዩ፣ እግሮቹና ትከሻው እየሠሩ ጭንቅላቱ ግን ከፍታውን ሳይለቅ ነው የሚሄደው። ይህን ያየ ሰው ምን እንደሚሞክር ማንም አይነግረውም። እንዳያችሁ ወዲያው ተነሱና ሞክሩት፣ ካደረ ቃል ብቻ ይሆናል።

ስትጨርሱ ሁለት ደቂቃ በጀርባችሁ ተኙ። ከዚያ በጎናችሁ ተገልብጣችሁ፣ እጃችሁን ተጠቅማችሁ ተነሱ፣ ክፍሉን እንደወትሮው ዙሩ። ምንም አታስተካክሉ። ምን እንደተለወጠ አንድ መስመር ጻፉ፣ «ቀኝ ተረከዜ ከበደኝ» ያለ ነገር።

በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይሻላል። በማግሥቱ ትከሻና የእጅ አንጓ ትንሽ ሊዝሉ ይችላሉ፣ ያን ቀን ዓሣውንና ትንፋሹን ብቻ ሥሩ። ቀጣዩን እንስሳ ስትመርጡ ከልማዳችሁ የሚርቀውን ምረጡ። ቁጭ ብላችሁ የምትውሉ ከሆነ እንሽላሊቷን፣ የምትጣደፉ ከሆነ ድብን ወይም ዝሆንን፣ ዝሆን ከናካቴው አይዘልም። እንቁራሪትን ለመዝለል የምትቸኩሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ደስ ስለሚል ነው። ለጥቂት ሳምንት አቆዩአት። መጀመሪያ ቁጢጥ ብላችሁ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን አላምዱ፣ እጃችሁን ወለሉ ላይ ጥላችሁ እግራችሁን ብቻ ትንሽ ትንሽ እያነሳችሁ ማሳረፍ ተለማመዱ፣ ማረፊያው ድምፅ ሳይኖረው ሲቀር ያኔ ዝለሉ።